ዝም ብሏል ወይስ አኩርፏል? የስብዕና ፈተናን ለሁለት የመሙላት መንገድ

ልንጋባ ሰባት ወር ሲቀረን እኔና እጮኛዬ በኢንተርኔት አንድ የስብዕና ፈተና ሞላን። ስንጨርስ ለየራሳችን አራት አራት ፊደል ተሰጠን። ከፊደሎቹ ሥር ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነበር፤ የእኔና የእርሱ ፊደላት የሚገናኙበት ሳጥን ቀይ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ አልደወልኩለትም። በአራተኛው ቀን ራሱ መጣና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "ያንን ፈተና ስትሞዪ ስለ እኔ ማወቅ የፈለግሽው ምን ነበር?"

የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄ ሳይኖረኝ መልስ ተቀብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ተጋብተናል፤ እኔም የምክር አገልግሎት ሙያ ተምሬ ለጋብቻ የሚዘጋጁና በትዳር ውስጥ ያሉ ጥንዶችን ማማከር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ስልካቸውን ከፍተው የፈተና ውጤት የሚያሳዩኝ ጥንዶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እኔ በእነዚያ ሦስት ቀናት የነበረኝን ፊት ይዘው ይመጣሉ። ፈተናውን ጣሉት አልላቸውም። ለዓመታት ሳይነሣ የቆየ ጉዳይ በአንድ ምሽት እንዲነሣ ምክንያት ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ጥቅሙ ያለው ግን ውጤቱን ይዛችሁ በምትጨዋወቱት ጨዋታ ውስጥ ነው፤ ያ ጨዋታ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። እኔ የምከተለው መንገድ የሚከተለው ነው።

ፈተናውን ከመክፈታችሁ በፊት

ለየብቻችሁ ተቀመጡና ስለ ሌላው ያልገባችሁን አንድ ነገር በወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ብቻ ይሁን። "ስንጨቃጨቅ ለምን ተነሥተህ ትወጣለህ?" "ያቀድነው ነገር በመጨረሻ ሰዓት ሲለወጥ ፊትሽ የሚቀያየረው ለምንድን ነው?" "ስለ ገንዘብ ሳነሣ ለምን ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ትሻገራለህ?" እንዲህ ያለ፣ መቼ እንደተፈጸመ ልትናገሩት የምትችሉት ነገር ይሁን። ወረቀቱን አጥፋችሁ አስቀምጡት፤ መጨረሻ ላይ እንከፍተዋለን።

የጻፋችሁት "ላግባው ወይስ ይቅርብኝ?" የሚል ከሆነ ግን ለዚያ መልስ የሚሰጥ ፈተና የለም። ሳማንታ ጆኤል፣ ፖል ኢስትዊክና ኤላይ ፊንክል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ለመተዋወቅ የመጡ ወንዶችና ሴቶች ስለ ጠባያቸውና ስለሚመኙት ዓይነት ሰው ከመቶ በላይ ነጥቦችን ሞሉ፤ ከዚያም ተራ በተራ ለአራት አራት ደቂቃ ተገናኙ። ኮምፒውተሩ ከመልሶቹ ተነሥቶ ብዙ ሰዎችን የሚወደው ማን እንደሆነና በብዙ ሰዎች የሚወደደው ማን እንደሆነ በመጠኑ መገመት ቻለ። ይህ ሰው በተለይ ለዚያች ሴት ልቡ ይሳባል ወይ የሚለውን ግን ሊገምት አልቻለም። ያ የእኔ ቀይ ሳጥን አውቃለሁ ይል የነበረው ይህንኑ ማንም ሊያውቀው ያልቻለውን ነገር ነው።

የትኛውን ፈተና?

በጣም የታወቀው አራት ፊደል የሚሰጠው የማየርስ ብሪግስ መለኪያ ነው። መነሻው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ስብዕና ዓይነቶች ያሳተመው ሐሳብ ሲሆን፣ አሜሪካውያኑ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወደ መጠይቅ ለወጡት። እናትም ልጅም በሥነ ልቦና የሠለጠኑ አልነበሩም፤ እኔ ግን በዚህ አልወቅሳቸውም። የሚያሳስበኝ መለኪያው በእያንዳንዱ ፊደል ሰውን በሁለት ጎራ መክፈሉ ነው። ቁመትን አስቡ። ከአንድ ሜትር ከሰባ በላይ የሆነውን ሁሉ ረጅም፣ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ አጭር ብንል፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚበላለጡ ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ስም ይወጣላቸዋል። በሃያ ሴንቲ ሜትር የሚበላለጡ ሁለት ሰዎች ደግሞ በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። ቁጥብነትና ተግባቢነትም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚገኘው መካከል ላይ ነው። መካከል ላይ ያለ ሰው ደግሞ በዕለቱ ስሜት ወዲህ ወይም ወዲያ ይወድቃል። ፈተናውን ከሳምንታት በኋላ በደገሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ፊደል እንደተለወጠባቸው አሳይተዋል። እኔም ከሁለት ወር በኋላ ደግሜ ስሞላ ሦስተኛው ፊደሌ ተለወጠ፤ ሳጥኑም አረንጓዴ ሆነ። እኔ ያው ነበርኩ። እርሱም ያው ነበር።

ስለዚህ ለጥንዶች የምመርጠው በተመራማሪዎች ዘንድ አምስቱ ታላላቅ ባሕርያት የሚባለውን መለኪያ ነው። አመጣጡ ለቋንቋ ወዳድ ሰው ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት ከአንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰውን ከሰው የሚለዩ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቃላት ለቀሙ። ሐሳባቸው ሰዎች በአንዱ ጠባይ ላይ ልብ ያሉት ቁም ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ በቋንቋቸው ስም ያገኛል የሚል ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ለአሥርት ዓመታት ያንን ክምር ሲያበጥሩ አምስት ትልልቅ ዘርፎች ላይ ደረሱ። እኛም በቋንቋችን እናውቃቸዋለን። ሆደ ባሻ የምንለው ሰው፣ ቶሎ የሚከፋውና የሚጨነቀው፣ በአንደኛው ዘርፍ ከፍ ያለ ነው። ሥርዓተኛና ቃሉን አክባሪ የምንለው በሌላው፣ ሆደ ሰፊና ለሰው አሳቢ የምንለው በሦስተኛው፣ ተጫዋችና ሰው ወዳድ የምንለው በአራተኛው። አምስተኛው አዲስ ሐሳብና አዲስ ልምድ የሚጠማውን ሰው ለለመደው ነገር ከሚያደላው ይለያል። ውጤቱ የሚመጣው በቁጥር ነው፤ "እንዲህ ዓይነት ሰው ነህ" አይላችሁም፣ "በዚህ በኩል ይህን ያህል" ይላችኋል። ሉዊስ ጎልድበርግ የተባለው ተመራማሪ ለዚህ የሚሆኑ ጥያቄዎችን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ክፍት ስላደረገ፣ 50 ወይም 120 ጥያቄ ያለውን ነጻ ቅጂ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ለጥንዶች 50ው ይበቃል።

ሁለተኛው የምመርጠው የመቀራረብ መጠይቅ ነው። ጆን ቦውልቢና ሜሪ አይንስዎርዝ ሕፃናት ከአሳዳጊያቸው ሲለዩ የሚያሳዩትን ነገር አጠኑ፤ ሲንዲ ሄዛንና ፊሊፕ ሼቨር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ያንኑ ሐሳብ ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት። መጠይቃቸውን መጀመሪያ ያወጡት በጋዜጣ ላይ ነበር። ከመለሱት አንባቢዎች 56 በመቶ ያህሉ ከሚወዱት ሰው ጋር ተረጋግተው እንደሚኖሩ፣ 25 በመቶ መቀራረብ እንደሚከብዳቸው፣ 19 በመቶ ደግሞ እንዳይተዉ እንደሚሰጉ የሚገልጸውን መረጡ። ዛሬ ይህም በሁለት መስመር በቁጥር ይለካል፦ መተውን ምን ያህል እሰጋለሁ፣ መቀራረብንስ ምን ያህል እሸሻለሁ።

ስለ ሌሎቹ አጭር ልሁን። ዘጠኝ ዓይነት ሰው አለ የሚለው ኤኒያግራም ለጨዋታ መክፈቻ ይሆናል፤ ማስረጃው ግን ስስ ነው። ጋሪ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቃቸው አምስቱ የፍቅር ቋንቋዎች፣ ማለትም ፍቅር የሚገለጽባቸው አምስት መንገዶች፣ ለብዙ ሰው መልካም ቃላት ሰጥተዋል። ሆኖም ሰዎች አንዱን ምረጡ ሲባሉ አንዱን ቢመርጡም፣ ስለ እያንዳንዱ ለየብቻ ሲጠየቁ አምስቱንም በጣም እንደሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የባልን ወይም የሚስትን "ቋንቋ" አንዱን ብቻ አውቆ ሌሎቹን አራቱን መንፈግ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

አሞላሉ

በየክፍላችሁ ሆናችሁ ሙሉ። አንዱ በሌላው ትከሻ በኩል እያየ የሚሞላ ፈተና ስለ ፍርሃት እንጂ ስለ ጠባይ አይናገርም። በተጣላችሁበት ቀን፣ ባልተኛችሁበት ሌሊት ማግስት፣ ሐዘን ላይ ሳላችሁ አትሙሉ። ፈጥናችሁ መልሱ፤ መጀመሪያ የመጣላችሁን።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ግን እያንዳንዱ ጥያቄ የትኛውን ኑሯችሁን እንደሚጠይቅ ነው። እጮኛዬ "ከሰዎች ጋር ከዋልኩ በኋላ ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ" ለሚለው "በጣም እስማማለሁ" ብሎ ነበር። እኔ ያነበብኩት "ማታ ማታ አንቺን ማየት አልፈልግም" ብዬ ነው። እርሱ በዚያን ጊዜ የሚሠራው የደንበኞችን ቅሬታ በስልክ መቀበል ነበር፤ በቀን ስምንት ሰዓት የማያውቃቸው ሰዎች ቁጣ በጆሮው ሲፈስ ይውላል። መልሱ ስለ እኔ አንድም ቃል አልነበረውም። ይህን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ስለጠየቅሁት ነው፤ በዚያው መነሻ አንድ ስምምነት አደረግን፦ ከሥራ ሲገባ አርባ ደቂቃ ማንም አያናግረውም፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ራሱ መጥቶ ይቀመጣል። ሥራውን ሲለውጥ አርባው ደቂቃ ወደ አሥር ወረደ። አንዳንዴም ጨርሶ ይረሳዋል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ በእርሳስ "ቤት"፣ "ሥራ" ወይም "ሁለቱም" ብላችሁ ምልክት አድርጉ። አምስት ደቂቃ ቢጨምርባችሁ ነው፤ የሚያተርፍላችሁ ብዙ ነው።

ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1949 በርትራም ፎረር የተባለ መምህር ያሳተመውን ሙከራ ለእያንዳንዱ ጥንድ እነግራለሁ። ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጠ፤ ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዱ "የአንተ ውጤት ነው" ብሎ አንድ ገጽ ጽሑፍ አደለ። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከአምስት ነጥብ ሲጠይቃቸው በአማካይ 4.26 ሰጡት። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ሐረጎቹንም ያገኘው በአብዛኛው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። "አንዳንዴ ተግባቢ ነህ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቁጥብ" ዓይነት ቃል ማንን ይስታል?

በእናንተ ላይ ይህ እንዳይደርስ የምታደርጉት ይህን ነው። የእያንዳንዳችሁን የውጤት መግለጫ ያለ ስም አትሙ ወይም በእጅ ገልብጡ፤ ከፈተናው ገጽ ላይ የማንም ያልሆኑ ሌሎች ሁለት መግለጫዎችን ጨምሩ። አራቱን ቀላቅላችሁ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁንና የአጋራችሁን ለዩ። መለየት ካልቻላችሁ ያ መግለጫ ለሁሉም የተሰፋ ልብስ ነው፤ ወደ ጎን አድርጉትና ቁጥሮቹን ብቻ ያዙ። ይህን ካደረጉ ጥንዶች መካከል የባሏን መግለጫ "ይሄ ቁልጭ ያለ እኔ ነኝ" ብላ ያነሣች ሴት አስታውሳለሁ። ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል።

መቀያየር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

ፈተናውን ሁለተኛ ጊዜ ሙሉ፤ አሁን ግን ለአጋራችሁ ሆናችሁ። ባል ሚስቱ እንዴት እንደምትኖር እያሰበ "በቀላሉ እጨነቃለሁ" የሚለውን እርሷን ወክሎ ይመልስ፤ እርሷም እንዲሁ። አራት ወረቀት ይኖራችኋል ማለት ነው፦ እኔ ስለ ራሴ፣ አንተ ስለ ራስህ፣ እኔ ስለ አንተ፣ አንተ ስለ እኔ።

ለምን ይህን ያህል እንደማምንበት ልንገራችሁ። ሎዌል ኬሊና ጄምስ ኮንሊ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት 300 የታጩ ጥንዶችን ከ1930ዎቹ ጀምሮ እስከ እርጅናቸው የተከታተለ ነው። በዚያ ጥናት የሰዎቹን ጠባይ የመዘኑት ራሳቸው ሳይሆኑ በቅርብ የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ያ ምዘናም ከአሥርት ዓመታት በኋላ በትዳራቸው የሚሆነውን በከፊል አመለከተ። ሲሚን ቫዚር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጥናት የውስጥ ጭንቀታችንን ከሌላው ይልቅ ራሳችን በተሻለ እንደምናውቅ፣ ክብራችንን የሚነኩ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ምን ያህል አስተዋይ እንደሆንን፣ ሌሎች ከእኛ በተሻለ እንደሚያዩ አሳይታለች። ለትዳር ሲተረጎም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሚስታችሁ "እጨነቃለሁ" ካለች የእርሷን ቁጥር እመኑ፤ ውስጧን የምታውቀው እርሷ ናት። "እኔ አድማጭ ነኝ" የሚለውን ግን አጠገባችሁ ላለው ሰው ተዉለት።

አራቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉና ልዩነቱ የሰፋባቸውን ሦስት ጥያቄዎች ምረጡ፤ ከሦስት አትበልጡ። አንድ ምሽት ከሦስት በላይ አይችልም። ከዚያ ተራ በተራ አንድ ቃል ብቻ ጠይቁ፦ "መቼ?" እርሱ "ሰዎችን አምናለሁ" በሚለው ላይ አንድ ሰጥቷችሁ እናንተ ለራሳችሁ አራት ከሰጣችሁ፣ "ለምን እንዲህ ትለኛለህ?" አትበሉ። "መቼ አየኸኝ?" በሉ። "ለምን" የሚለው ቃል ሰውን ችሎት ያቆመዋል፤ "መቼ" ግን ያስታውሰዋል። የሚመልሰው ሰው የተፈጸመ ነገር ይናገር፦ የትኛው ቀን፣ ምን ተባለ፣ ማን ነበር። "ሁልጊዜ" እና "በጭራሽ" የሚሉት ሁለት ቃላት ለዚያ ምሽት ከቤት ይውጡ። የሚሰማው ሰው ታሪኩ እስኪያልቅ አያርም፤ ሲያልቅ የራሱን ታሪክ ይናገራል።

አንድ ጥንድ እዚህ ላይ ደርሰው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ባል ለሚስቱ "ቁም ነገር ሲሆን እርዳታ እጠይቃለሁ" በሚለው ላይ ዝቅተኛውን ቁጥር ሰጣት፤ እርሷ ለራሷ ከፍተኛውን ሰጥታ ነበር። "መቼ?" አለችው። ሆስፒታል የተኛችበትን ሳምንት ነገራት። እርሱ ሥራ ቦታ ሆኖ የሰማው ከጎረቤት ነበር። እርሷ ላለማስጨነቅ ብላ ያደረገችው ነው፤ እርሱ ለአራት ዓመት "አታምነኝም" ብሎ ሲሸከመው ኖሯል። ሁለቱም አንድም ጊዜ አላነሡትም ነበር። ያንን ያወጣው የፈተናው ውጤት አልነበረም፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ቁጥሮቹ ስለ ፍቅር ምን ይላሉ?

በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ "እንመሳሰላለን ወይ?" ብለው ነው። መመሳሰል ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ይጠቅማል። በአውስትራሊያ፣ በብሪታንያና በጀርመን በብዙ ሺህ ጥንዶች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በትዳር የመርካት ጉዳይ ከራስ ጠባይ ጋር በመጠኑ፣ ከአጋር ጠባይ ጋር ከዚያ ባነሰ እንደሚያያዝ፣ የሁለቱ መመሳሰል ግን ከዚያ በላይ የሚጨምረው እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን አግኝቷል። አንዱ ቁጥብ ሌላው ተግባቢ መሆኑ ብቻውን ሊያስፈራችሁ አይገባም።

ልብ የምላት ቁጥር የሆደ ባሻነቷን ነው። ከላይ ባነሣሁት የኬሊና የኮንሊ ጥናትም፣ በሌሎችም በተደጋጋሚ፣ ከትዳር መከፋት ጋር አብራ የምትታየው እርሷ ናት። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፦ ቶሎ የሚከፋው ሰው በዝምታ ውስጥ ጥላቻን ይሰማል፣ በዘገየ መልስ ውስጥ መተውን ያነባል። እኔ በዚህች ቁጥር ከፍ ያልኩ ነኝ፤ ሦስት ቀን ስልክ ያልደወልኩት በከንቱ አልነበረም። ግን ይህ ፍርድ አይደለም። ብሬንት ሮበርትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ207 ጥናቶች እንዳሰባሰቡት፣ በምክርና በሕክምና እርዳታ በአማካይ በ24 ሳምንታት ውስጥ ጠባይ በሚለካ መጠን ይለወጣል፤ ከሁሉ በላይ የተለወጠውም የስሜት መረጋጋት ነው። ከፍ ያለች ቁጥር ያያችሁ እንደሆነ ባለሙያ ለመፈለግ ምክንያት አድርጓት።

በሥርዓተኝነት በጣም ከተራራቃችሁ ጠቡ የሚመጣው በሂሳብ፣ በቀጠሮና በቤት ሥራ በኩል ነው። ስለ ፍቅር ከመነጋገር ይልቅ ማን ምን እንደሚሠራ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

በመቀራረብ መጠይቅ ላይ አንዳችሁ መተውን የምትሰጉ፣ ሌላችሁ መቀራረብን የምትሸሹ ከሆናችሁ፣ አንዱ ሲከተል ሌላው ይሸሻል፤ ሲሸሽ የበለጠ ይከተላል። ለእነዚህ ጥንዶች የምሰጠው አንድ ልምምድ ነው፦ የሚሸሸው ሰው ሲወጣ የሚመለስበትን ሰዓት ይናገራል። "አሁን አልችልም፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንነጋገራለን።" በሰዓቱም ይገኛል። የሚከተለው ሰው እስከዚያች ሰዓት አይከተልም። ቀላል ይመስላል፤ ለሁለቱም እጅግ ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ሙከራ በኋላ ነው የሚይዘው።

ደግሞም የጠባይ ቁጥር በጠቅላላ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ታውቁ ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ጆኤል፣ ኢስትዊክና ብዙ ባልደረቦቻቸው ከ43 የጥናት ክምችቶች የ11,196 ጥንዶችን መረጃ አንድ ላይ አድርገው መርምረዋል። በግንኙነቱ መርካትን ከሁሉ በላይ ያመለከቱት ስለ ግንኙነቱ ራሱ የተጠየቁት ነበሩ፦ አጋሬ ለዚህ ትዳር ቆርጧል ብዬ አምናለሁ ወይ፣ አጋሬን በማግኘቴ ዕድለኛ ነኝ እላለሁ ወይ፣ በአልጋችን እንረካለን ወይ፣ ምን ያህል እንጣላለን። የራስን ጠባይና ኑሮ የሚመለከቱት ከእነዚህ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር የነገሩ። የአጋር ጠባይ የጨመረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ፈተናውን በሞላችሁበት ምሽት እነዚህን አራት ጥያቄዎችም ጠያየቁ፤ ፊደልም ቁጥርም አይፈልጉም።

ዝምታና ኩርፊያ

አማርኛ እዚህ ላይ ከብዙ ፈተና ይበልጣል። ዝምተኛ እና አኩራፊ ሁለት ቃል ናቸው። ዝምተኛ ሰው ቃል የሚቆጥብ ነው፤ ዝምታው ማንንም አይቀጣም፣ አብራችሁት ብትቀመጡ ይሞቃችኋል። ኩርፊያ ግን አድራሻ አለው። ወደ እናንተ የተላከ ነው። ፈተናው ሁለቱንም "ቁጥብ" ብሎ በአንድ ቁጥር ሊያወጣቸው ይችላል፤ እናንተ ግን ልዩነቱን በአጥንታችሁ ታውቃላችሁ።

ይህን የማነሣው "እኔ ቁጥብ ነኝ፣ ፈተናውም ብሏል" እያሉ ሳምንት የሚያኮርፉ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው። ጥንዶችን ለአሥርት ዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን ትዳርን ከሚያፈርሱ አራት ልማዶች አንዱ ይህን በር ዘግቶ መቀመጥ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ሌሎቹ ጠባይን መንቀፍ፣ ንቀትና ራስን መከላከል ናቸው። ይኸው ሰው ጥንዶች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ ሁልጊዜ አብረዋቸው የሚኖሩ ናቸው ይላል። ጠባያችሁ ይለያያል፤ ልዩነቱም ይቀጥላል። የሚታየው ስለ እርሱ እንዴት እንደምትነጋገሩ ነው። የቁጥብነት ቁጥር የአርባ ደቂቃ ዕረፍት ለመጠየቅ ያገለግላል። ለኩርፊያ ፈቃድ አይሰጥም።

ጨርሶ የሚተውበት ጊዜም አለ። አጋራችሁ የሚሰድባችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ፣ እጁን የሚያነሣባችሁ፣ ስልካችሁንና ገንዘባችሁን የሚቆጣጠር ከሆነ የትኛውንም ፈተና አብራችሁ አትሙሉ። ያ የጠባይ ልዩነት አይደለም። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሞላችሁት እያንዳንዱ መልስ ነገ በእናንተ ላይ የሚወረወር ድንጋይ ይሆናል። ለምታምኑት ሰውና ለባለሙያ ለብቻችሁ ተናገሩ፤ ደኅንነታችሁ ይቅደም።

ወረቀቱን መክፈት

ሁሉም ካለቀ በኋላ መጀመሪያ አጥፋችሁ ያስቀመጣችሁትን ወረቀት ክፈቱ። ብዙ ጊዜ ጥያቄው በምሽቱ ጨዋታ መካከል ተመልሷል። ካልተመለሰ አሁን ጠይቁት፤ ከሁለት ሰዓት "መቼ" በኋላ ጥያቄውን መስማት ለአጋራችሁ ይቀላል።

መቀያየሩን ኑሮ በተለወጠ ቁጥር ድገሙት፦ ልጅ ሲወለድ፣ ሥራ ሲቀየር፣ ወላጅ ሲሞት። የድሮውን ወረቀት ግን አትጣሉ። እኔና ባለቤቴ በአንድ ሰማያዊ ማኅደር ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ያ ቀዩ ሳጥን ያለበት ገጽም እዚያው አለ። ባለፈው ጊዜ ስንሞላ "ስከፋ ለሰው እናገራለሁ" በሚለው ላይ እኔ ለራሴ አምስት ሰጠሁ፤ እርሱ ሁለት ሰጠኝ። "መቼ?" አልኩት። ሦስት ቀኖች ነገረኝ። ሁለቱን አስታወስኳቸው። ሦስተኛው ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ነው፤ ዕቃ እያጠብኩ ነበር አለ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰምቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ቤት ውስጥ ብቻዬን የነበርኩ ይመስለኝ ነበር።